ከጣራ በላይ የሚሄድ ወንዝ

ንጉሡ በነገሠ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊጋመስ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንዲት ከተማ ወንዙ ከሰው ቤት ጣራ በላይ ይሄድ ነበር። ይህን በወሬ የሰማ እንግዳ ተረት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ታች ሰፈር ገብቶ አንገቱን ቀና ቢያደርግ፣ የጀልባ ሸራ ከቤቶቹ ክዳን በላይ ሲያልፍ በዓይኑ ያይ ነበር። በንጉሡ አባት ዘመን ከከተማይቱ በላይ ያሉት ኮረብቶች ጥቅጥቅ ያለ ዱር ለብሰው ነበር፤ የከተማይቱ ቅጥር በጡብ ይሠራ ተብሎ በታዘዘ ጊዜ ግን የጡብ መተኮሻው እቶን ዱሩን በላው፤ ራቁቱን የቀረውም ኮረብታ በየክረምቱ አፈሩን ወደ ወንዙ ያራግፍ ጀመር። አፈሩ እየተነጠፈ የወንዙን ወለል ከፍ ሲያደርገው፣ ሰዉ በየበጋው በወንዙ ዳርና ዳር ያለውን ግድብ በጭቃና በሸምበቆ ከፍ ያደርጋል፤ ወንዙም ተከትሎ ይነሣል። እንዲህ ሲሽቀዳደሙ ኖረው፣ በመጨረሻ ውሃው ከላይ ሰው ከታች ሆነ፤ ማንም ግን አንድ ቀን ተነሥቶ «ይህ ነገር ወዴት ያደርሰናል?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም የሚያስበው ስለሚመጣው ክረምት ብቻ ነበርና።

በታች ሰፈር ሰው ሁሉ «እታለም» እያለ የሚጠራት አንዲት አዋላጅ ነበረች። ዕድሜዋ ከጎልማሳነት አልፎ ወደ እርጅና ያዘነበለ፣ አነጋገሯ ቁጥብ፣ እጇ ግን የታመነ ሴት ነበረች፤ በሰፈሩ ሮጠው ከሚጫወቱት ሕፃናት በእሷ እጅ ያልወጣ ጥቂት ነው። እሷ ራሷ አልወለደችም፤ ይህንንም አንሥቶ የሚያሳዝናት አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ ባሏ ሸክላ ሠሪው አንድ ቀን እንኳ አንሥቶባት አያውቅም። ሰውየው በነገር የማይቸኩል፣ ቀልድ የማያልቅበት ነበር። ከእነርሱ ጋር ጉልበቷ የከዳት እናቱ ትኖር ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ማለዳ የከተማይቱ ሹም ዘበኞች በቅሎ ይዘው ደጃፏ ደረሱ፤ የሹሙ ልጅ ምጥ ይዟታል። እታለም ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ግድቡ ተመለከተች፤ ውሃው በወትሮው ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር።

«ዛሬ አላማረኝም፤» አለችው ባሏን። «እናትህን አዝለህ የጡብ እቶኖቹ ወዳሉበት ኮረብታ ውጣ።»

«ወንዝ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት በተቆጣ ቁጥር ቤት ጥሎ አይኬድም፤» አለ፣ በእጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈገፈገ።

«አትቀልድብኝ።»

ፊቷን አየና ሳቁን ተወ። «እሺ፤ አንቺን ጥለን ግን የት እንሄዳለን? ስትመለሺ አብረን እንወጣለን። አንቺ ብቻ ቶሎ ገላግያት።»

አማቷም ከተኛችበት፣ «ሂጂ ልጄ፤ ምጥ ቀጠሮ አያውቅም፤» አለቻት።

የሹሙ ቤት በላይ ሰፈር፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ስፍራ ጉብታ ላይ የተሠራ ፎቅ ነበር፤ ከሥሩ፣ ከግድቡ ጥግ፣ የንጉሡ ጎተራ አለ። እታለምን ወደ ላይኛው እልፍኝ አወጧት። እልፍኙ ጠባብ ነው፤ ያለው መስኮት አንድ ሲሆን እርሱም በእንጨት ፍርግርግ የታጠረ ወደ ወንዙ የሚያይ ነው፤ የወለሉ ሳንቃ ሳስቶ ከታች በአዳራሹ የሚነገረው ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይሰማል። ወጣቷ እመቤት አልጋ ላይ ተጋድማ ከንፈሯን ነክሳለች። የበኩር ልጇ ነው፤ ባሏ ከንጉሡ ጋር ዘምቷል፤ እናቷ ከሞተች ቆይታለች።

እታለም የእመቤቲቱን ሆድ በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ልጁ ወደ ጎን ተጋድሟል።

«ንገሪኝ፤ አትደብቂኝ፤» አለች እመቤቲቱ።

«መንገዱን ስቷል እመቤቴ። በእጄ እየገፋሁ እመልሰዋለሁ። ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔም እርስዎም መታገሥ አለብን።»

ሥራው ተጀመረ። ምጡ ሲመጣ እታለም እጇን ታቆማለች፤ ሲለቅ በቀስታ ትገፋለች፤ ልጁ ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ይንሸራተታል። እንዲህ እያሉ ሳሉ ከወለሉ በታች የግድቡ አለቃ ድምፅ ተሰማ።

«ጌታዬ፣ መታጠፊያው ላይ ግድቡ ማላብ ጀምሯል፤ ከውስጥ ውሃ እየጠጣ ነው። እስከ ቀትር ቢቆይ ተአምር ነው።»

«ጎተራው የሠራዊቱ የዓመት ቀለብ ነው፤» አለ ሹሙ። «እህሉ ከሄደ የእኔም ራስ አብሮ ይሄዳል። መላ ፈልግ።»

«መላው አንድ ነው። ግድቡን ታች ሰፈር ላይ ቀደን ውሃውን ማስተንፈስ ነው።»

ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ሰዉስ?»

«ከሰማ ዱላውን ይዞ ግድቡ ላይ ይተኛል። በገዛ ቤቱ ላይ ውሃ ሲለቀቅ ቆሞ የሚያይ ማን ነው? እስኪወጣ እንጠብቅ ብንል ደግሞ መታጠፊያው አይጠብቀንም።»

ሹሙም፣ «እንግዲያው በሩን ዝጉ፤ እስኪያልቅ ድረስ ከዚህ ቤት ማንም አይውጣ፤» ሲል ተሰማ።

ሹሙ በተፈጥሮው ጨካኝ አልነበረም፤ ዳኝነቱም ይመሰገን ነበር። ነገር ግን ከላዩ ንጉሥ፣ ከሥሩ ወንዝ ይዘውት፣ በሁለቱ መካከል መተንፈሻ አጥቶ፣ ያገኘውን ክብደት ሁሉ ከእርሱ በታች ባለው ላይ ጣለ፤ ከእርሱ በታች ያለው ደግሞ ታች ሰፈር ነበር።

እታለም እጇን ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች። ደፉ ላይ የቆመው ዘበኛ ጦሩን አጋደመባት።

«ቅጠል ልቆርጥ ነው፤» አለች።

«ይምጣልሽ፤ ምን ቅጠል እንደሆነ ንገሪኝ። አንቺ ግን አትወጪም፤ ትእዛዝ ነው እናቴ።»

ወደ መስኮቱ ዘወር አለች። በፍርግርጉ በኩል ከሩቅ የታች ሰፈር ጣራዎች ይታያሉ፤ ከአንዳንዶቹ ጢስ ይወጣል፤ ሰው ምሳውን እየሠራ ነው። ከእነዚያ ጣራዎች በአንደኛው ሥር ሁለት ሰዎች እሷ እስክትመለስ እየጠበቁ መሆናቸውን አሰበች። ብትጮኽ ድምፅዋ ከወንዙ ድምፅ አያልፍም፤ በሩን ብትታገል ጦር አለ፤ ደግሞ ጦር ባይኖርስ፣ ይህችን ሴት በጎን የተጋደመ ልጅ በሆዷ ይዛ ጥላት ትሄድ ዘንድ እግሯ ይታዘዝላት ነበርን? እንዲያውም ለአንዲት ቅጽበት ክፉ ሐሳብ መጣባት፤ እጇን አጥፋ ብትቀመጥ ሹሙ ተንበርክኮ ይለምናት እንደ ነበር አወቀች። ይሁን እንጂ ምጡ ተመልሶ መጣ፤ እመቤቲቱ ቃተተች፤ የአዋላጂቱም እጅ ሳታዝዘው ወደ ሥራው ተመለሰ።

«እጅሽ ቀዘቀዘ፤» አለች እመቤቲቱ ምጡ ጋብ ሲልላት። «ሰምተሻል አይደል?»

እታለም እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ታሞቀው ጀመር።

«እኔም ሰምቻለሁ። ቤትሽ የት ነው?»

«ታች ሰፈር ነው እመቤቴ። ከግድቡ ሥር።»

«ማን አለሽ?»

«ባሌና አማቴ።» ቀጥላም፣ «እኔን እየጠበቁ ነው፤» አለች፤ እስከዚያ ድረስ የያዘችው እንባ በዚህች ቃል ላይ አመለጣት።

ወጣቷ ልብሷን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያም በጭንቅ በክንዷ ተደግፋ ተነሥታ፣ «አባቴን ጥሩት፤» ብላ ወደ በሩ ተጣራች።

ሹሙ መጥቶ ከበሩ ማዶ ቆመ። «ልጄ፣ በርቺ፤» አለ።

«ለታች ሰፈር ሰዎች ነጋሪቱን አስመታላቸው አባቴ፤ ይውጡ።»

«ይህ የአንቺ ነገር አይደለም። ያለሽበትን ጭንቅ አስቢ።»

«ያለሁበትን ነው የማስበው። ነጋሪቱ ካልተመታ ይህች ሴት በእጇ አትነካኝም፤ እኔ አልፈቅድላትም። ውሃውን በሰው ልጅ ላይ እየለቀቅህ የእኔን ልጅ በዚያው ሰፈር ሴት እጅ ልትቀበል ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣» አለ ሹሙ ቁጣውን ወደ አዋላጂቱ መልሶ፣ «ያዢያትና ሥራሽን ሥሪ። ይህ ትእዛዝ ነው።»

«ጌታዬ፣ ምጥ በአዋጅ አይታዘዝም፤» አለች እታለም። «ያልፈቀደች ሴት ሰውነቷን ካጠበቀች ልጁ አይዞርም። ጊዜውም እያለፈ ነው፤ የእርሷም፣ የግድቡም።»

እመቤቲቱ ምጡ ይዟት ሳለ እግሮቿን አጥፋ ግድግዳውን ያዘች፤ እታለም እጇን ዘረጋችላት፤ ወጣቷ ገፈተረችው። ከበሩ ማዶ ያለው ሰው ይህን አላየም፤ የሴት ልጁን ሲቃ ግን ሰማ። በሲቃዋ ላይ ሲቃ ሲደራረብ የበሩ እንጨት እንደ መንቀጥቀጥ አለ፤ ግንባሩን አስደግፎት ነበር። ከዚያ ኮቴው ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ።

ነጋሪቱ ተመታ። ነገር ግን ሹሙ ነጋሪት አስመታ እንጂ ቆፋሪዎቹን ቆዩ አላላቸውም፤ እነርሱም ቁፋሮአቸውን ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ስለዚህ የታች ሰፈር ሰው ያገኘው ጊዜ ነጋሪቱ ከተመታበት እስከ ግድቡ መቀደድ ያለችው ቅንጣት ብቻ ነበረች።

እታለም ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቀችው በጆሮዋ ብቻ ነው፤ እጇ ከልጁ ላይ የሚነሣበት ጊዜ አልነበረምና። በአንድ እጇ ራሱን፣ በሌላው መቀመጫውን ይዛ፣ በቀስታ ወደ መንገዱ ስትመልሰው፣ ከሩቅ ጩኸት ሰማች፤ ጩኸቱን ደግሞ ሌላ ድምፅ ሸፈነው፤ ተራራ እንደሚናድ ያለ፣ ብዙ የቆየ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም። እመቤቲቱ አንገቷን አቅፋ ታለቅስ ነበር፤ እሷ ግን፣ «አሁን ግፊ፤ አሁን፤» ብቻ ትላት ነበር። ልጁ ዞረ፤ ራሱን አስቀድሞ መጣ፤ ወንድ ነበር፤ እስትንፋሱ ዘግይቶ ኋላ አለቀሰ። እታለም እትብቱን ቋጥራ ለእናቱ አሳቀፈቻት፤ እጇንም ሳትታጠብ ወጣች። በዚያን ጊዜ የከለከላት አልነበረም።

የእቶኖቹ ኮረብታ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም አንድ ነገር ይዟል፤ አንዱ ፍየል፣ አንዷ ድስት፣ አንዱ ደግሞ ለምን እንደያዘው የማያውቀውን የበር መዝጊያ። ከሥራቸው ታች ሰፈር የሚባል ነገር የለም፤ ቡናማ ውሃና እዚህም እዚያም ብቅ ያለ ክዳን ነው። አማቷን ከአንድ የፈረሰ እቶን ጥግ በሰው ጋቢ ተጠቅልላ አገኘቻት።

«እሱስ?» አለች እታለም።

አሮጊቷ እጇን ያዘቻት። «አዝሎ አወጣኝ። እዚህ አስቀመጠኝ። ከዚያ ‹ጎረቤታችን ሸማኔው እኮ ጆሮው አይሰማም፤ ለእሱ ነጋሪት ምን ያደርግለታል› አለና ተመለሰ።»

ሸማኔውን በማግስቱ በጀልባ ከጣራው ላይ አወረዱት። አፉ አይናገርም፤ በእጁ ግን ነገራት፤ ባሏ እንዴት ከመሸመኛው ጉድጓድ ጎትቶ እንዳወጣው፣ እንዴት ትከሻውን አስረግጦ ወደ ክዳኑ እንደሰቀለው፣ ከዚያም ግድግዳው እንዴት እንደሄደ። የመጨረሻውን ሲነግራት መዳፉን ዘርግቶ በቀስታ ወደ ጎን ገፋው፤ ደጋግሞም እንዲሁ አደረገ፤ እሷ እጁን እስክትይዘው ድረስ። የሸክላ ሠሪው ሬሳ አልተገኘም።

በሚቀጥለው በጋ በአዋጅ ግድቡ ተጠገነ፤ ከበፊቱም ከፍ አለ፤ ለጥገናው የሚሆን ጡብ ለመተኮስ ከኮረብታው ጀርባ የቀረው ዛፍ ተቆረጠ። የተረፈውም ሰው ሌላ መሬት ስላልነበረው ተመልሶ በዚያው ሥር ጎጆውን ቀለሰ፤ እታለምም ከአማቷ ጋር ቀለሰች። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሹሙ ልጅ ዳግመኛ ባማጠች ጊዜ በቅሎው መጣ፤ ጎረቤቶቿ ትሄጂያለሽን ብለው አዩአት። ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ስለዚያ ቀን ምን እንደተነጋገሩ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ በሩ ክፍት እንዲሆን አዋላጂቱ አስቀድማ መጠየቋና ዘበኛው እንዲነሣ መደረጉ ተሰምቷል።

የዘመኑ ጸሐፊ ስለዚያ ክረምት የተወው ቃል አጭር ነው። ወንዙ እንደሞላ፣ ሹሙም በብልሃቱ የንጉሡን ጎተራ እንዳዳነ፣ በርኅራኄውም ለሕዝቡ ነጋሪት እንዳስመታ፣ በዚያው ዕለት የልጅ ልጅ በማየቱ ደስታው እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። የሚናገረው ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ጎተራው ድኗል፣ ነጋሪቱ ተመትቷል፣ ልጁም ተወልዷል። በአልጋ ላይ ሆና ስለ ማታውቃቸው ሰዎች የገዛ ሕይወቷን ያስያዘችው ሴት፣ መስማት ለማይችል ሰው የተመለሰው ሸክላ ሠሪ፣ የምትወደውን በጆሮዋ እየቀበረች የሌላ ሰው ልጅ ያዋለደችው እታለም ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ስለ ታች ሰፈር የተጻፈው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ረጠበ» ይላል።