ወይዘሮ [ተሰርዟል]

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በነብራስካ ሜዳ የበቆሎው ማሳ ደርቆ አጨዳው በተጀመረበት ሰሞን፣ ከዋሽንግተን የመጣ አንድ ሰው በወይዘሮ ኤድና ኩባት ደጃፍ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ኤድና በመስኮት አይታው መጋረጃውን መለሰችው፤ ከአንድ ዓመት ከሰባት ወር በፊት ሁለት ሰዎች እንዲሁ ባርኔጣቸውን አውልቀው በዚያው ደጃፍ ቆመው ነበርና።

እነዚያ ሁለቱ የነገሯት አጭር ነበር። ባሏ ሊዮናርድ በላኦስ ይሠራበት የነበረውን ተራራ ጠላት ይዞታል፤ እሱ ከተረፉት መካከል የለም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ቀጥለው የፈረመችውን ወረቀት አስታወሷት። ሊዮናርድ የአየር ኃይል ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ወደዚያ ከመላኩ በፊት ግን የደንብ ልብሱን አስወልቀው፣ በወረቀት ከጦሩ አሰናብተው፣ የአንድ ኩባንያ የራዳር ሠራተኛ አድርገውታል፤ መንግሥት በዚያ አገር የሚዋጋ ወታደር የለኝም ሲል ኖሯልና። ኤድናም ባሏ የት እንደሄደ ለወለደችው እናቱ እንኳ ላትናገር ፈርማለች። "የጠየቀዎት ሁሉ በሥራ ላይ ነው ይበሉት" አሏትና ሄዱ።

እሷም በሥራ ላይ ነው አለች። በዚያች ከቼክ አገር የመጡ ስደተኞች ልጆች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ፣ ሰው ሲሞት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ምግብ በትሪ ተሸክመው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይጎርፋሉ፤ በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ስሙ በግንቦት ማብቂያ በሚውለው የወታደሮች መታሰቢያ ቀን በመቃብሩ ስፍራ ጮክ ተብሎ ይጠራል። ለኤድና ግን አንዲት ትሪ አልመጣችላትም። ደብዳቤ የማይጽፍ ባል ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያወቀ መሰለው፤ እስያ ሄዶ ሌላ ሴት ለመደ ተባለ። በመንገድ ሲያገኟት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዝኑላታል፤ ይህ ለተከዳች ሚስት የሚታዘን ሐዘን ከስድብ ይልቅ ያቃጥላት ነበር።

የባሰው ግን ከቤቷ ውስጥ ነበር። የሊዮናርድ እናት ወይዘሮ ቦዤና አብረዋት ይኖሩ ነበር፤ ሌላ ልጅ የላቸውም።

"ይኼ ምግብ ነው ድንጋይ?" ይላሉ የተቀቀለውን ሊጥ በሹካ እየወጉ። "እንኳን ባል ውሻም ይሸሻል።"

"ነገ አሻሽለዋለሁ፣ እማማ።"

"ተዪው ነገን! ልጄን ምን ብታስመርሪው ነው ጥሎን የሄደው? እሱን ንገሪኝ።"

"በሥራ ላይ ነው።"

"በሥራ ላይ! አሁንስ ጭራሽ አጃጃልሽኝ!"

ኤድና ትወዳቸው ነበር፤ ለዚህም ነው ዝምታው አንጀቷን የሚበላት። የሞተ ልጃቸውን እንደ ከዳተኛ እየረገሙ ሲውሉ እያየች አንድ ቃል ማውጣት አልቻለችም፤ በአንድ ማዕድ ቀርበው ሁለቱም ብቻቸውን ይበሉ ነበር።

ያ በጥቅምት የመጣው ሰው አቶ ፕሩት ይባላል፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የአንድ መርማሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ወይዘሮ ቦዤና ከዶሮዎቻቸው ጋር በጓሮ ስለነበሩ ኤድና ወደ ሳሎን አስገባችው።

"ፈርሜያለሁ" አለችው ገና ሳይቀመጥ።

"አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ኩባት። በሕጋችን ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የምክር ቤቱ እንጂ የፕሬዝዳንቱ አይደለም። ወታደሩን ልብሱን አስወልቀው የኩባንያ ሰው ካሉት ግን፣ ጦር ልከዋል ብሎ ማን ይጠይቃቸው?"

"እኔ ስለ ሥልጣን ምን አውቄ?"

"ልብሱን ሲያወልቅ እርስዎ እዚያው ነበሩ።"

"ነበርኩ። አጥፌ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።"

"እሱን ነው እንዲነግሩን የምንፈልገው። ስብሰባው ዝግ ነው፤ በመጥሪያ ስለሚመጡም ፊርማዎ አያስጠይቅዎትም።"

ኤድና ወደ ጓሮው በር ተመለከተች። "ከዚያ በኋላ ለእናቱ መናገር እችላለሁ?"

አቶ ፕሩት ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። "እሱን ቃል ልገባልዎ አልችልም። ቃለ ጉባኤው ግን ይታተማል፤ ለሕዝብ የታተመ መጽሐፍ ደግሞ ማንም ያነበዋል።"

ለመሄድ የቆረጠችው በዚህች ቃል ነው። ለአማቷ ኦማሃ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ እንደሆነ ስትነግራቸው፣ "አንቺም ልትሸሺ ነዋ" አሏት፤ እስክትመለስም ድረስ ትመለሳለች ብለው አላመኑም።

በዋሽንግተን የስብሰባው አዳራሽ መስኮት አልነበረውም፤ በበሩ ዘብ ቆሟል። ኤድና ተራራውን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የኩባንያውን ስም፣ ባሏ ቢሞት ወታደርነቱ ይመለስለታል መባሉን፣ የደንብ ልብሱን፣ ሁሉንም ተናገረች፤ "ሊዮናርድ ሞቷል" የሚለውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለች። ሽማግሌው ሊቀመንበር ጦሩን ወክሎ ወደ ተቀመጠው ኮሎኔል ዞሩ።

"ይህ ነገር ለምክር ቤቱ ተነግሯል?"

"ለሚመለከታቸው ተነግሯል፣ ክቡርነትዎ።"

"እኔን ካልተመለከተኝ ታዲያ ማንን ነው የሚመለከተው? የመንደሬን ፖስተኛ?"

ኤድና ከዚያ ስትወጣ ቀለል ብሏት ነበር። በታኅሣሥ ምክር ቤቱ ፕሬዝዳንቱ ወደ ላኦስ እግረኛ ጦር እንዳያዘምቱ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ጋዜጦችም አወደሱት። ሕጉ ግን ስለ አውሮፕላኖች አልተናገረም፤ በኩባንያ ስም ስለሚሄዱም ሰዎች ምንም አላለም።

መጽሐፉ በሚያዝያ በፖስታ መጣ። ኤድና ጎተራ ገብታ ገለጠችው። ከመታተሙ በፊት የመንግሥት ሰዎች ምስጢር ያሉትን ሁሉ ፍቀው፣ በየቦታው በቅንፍ አንድ ቃል ተክተዋል፤ ተራራውም፣ ልብሱም፣ ሊዮናርድም ጠፍተዋል። ስታነበው የባሏን መርዶ እንደገና የተረዳች ያህል ሆነባት፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ብላ በዶሮ መኖው ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ ግን ተነሣች፤ ወደ ቤት ገብታ የተገለጠውን መጽሐፍ በአማቷ ፊት አኖረችው።

"ምንድን ነው?" አሉ ወይዘሮ ቦዤና። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር።

ሊቀመንበሩ፦ ባለቤትዎ የት ነበሩ?

ወይዘሮ [ተሰርዟል]፦ [ተሰርዟል]።

ሊቀመንበሩ፦ ለማን ነገሩ?

ወይዘሮ [ተሰርዟል]፦ ለማንም። ፈርሜያለሁ። አማቴ አብረውኝ ይኖራሉ። በልጃቸው መሄድ እኔን ይወቅሱኛል፤ አልፈርድባቸውም።

ሊቀመንበሩ፦ ልጃቸው ግን [ተሰርዟል]?

ወይዘሮ [ተሰርዟል]፦ [ተሰርዟል]።

አሮጊቷ ገጹን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

"ይቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ?"

ኤድና ወንበር ስባ በአጠገባቸው ተቀመጠች።

"ኦማሃ አልነበርሽማ።"

አሮጊቷ ጣታቸውን በተሰረዘው ስም ላይ መልሰው አኖሩ።

"ሴት ተከትሎ ለጠፋ ሰው መንግሥት ምን ጨነቀው? ይህን ሁሉ እየሰረዘ የሚደብቀው…" ንግግራቸውን አልጨረሱም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በገጹ ላይ አኖሩት። ኤድና አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ።

"አትናገሪ። ፈርመሻል አይደል?"

ኤድና ራሷን ነቅንቃ አዎን አለች።

"ማልቀስስ፣ ልጄ? ማልቀስም ከልክለውሻል?"

"እሱን አልጻፉትም፣ እማማ።"

በሩን ዘጉትና ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የፕሬዝዳንቱን ክንድ ስላሳጠረው ሕግ በየመጽሐፋቸው ብዙ ገጽ ሰጥተዋል፤ ስለ ተሰረዘችው ወይዘሮ የጠየቀ ግን የለም፤ በግንቦት ማብቂያም የሊዮናርድ ስም ሳይጠራ ዓመታት አለፉ። ወይዘሮ ቦዤና እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ዓ.ም. አረፉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምስጢሩ በይፋ ሲነሣ፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከዋሽንግተን ስልክ ደውሎ፣ "ከዛሬ ጀምሮ መናገር ይችላሉ፣ ወይዘሮ ኩባት" አላት። ኤድና አመሰገነችውና ስልኩን ዘጋች፤ በቤቱ ውስጥ የምትነግረው ሰው አልነበረም።