ስንዴ የለውም የተባለው ኬክ

ለዘንድሮው የክፍል ግብዣ የታዘዘው ኬክ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ ላዩ በሙሉ ቸኮሌት። የክፍል አለቃዋ ወንበር ላይ ወጥታ እጇን አወናጨፈች።

«ዝም በሉ እስቲ! ደግሞ ለበቆሎም ይሆናል፤ ስንዴ የለውም ተብያለሁ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። በቆሎ የሚሏት ልጅ ግን እጇ አልተንቀሳቀሰም። ስሙን ያወጡላት ምሳ ዕቃዋን በከፈተች ቁጥር የበቆሎ ዳቦ ስለሚያዩ ነው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ግሉተን የሚባል ነገር ሰውነቷ አይቀበልም። ትንሽ ከቀመሰች ሆዷ ተነፍቶ ስታስመልስ ታድራለች፤ ከዚያ በኋላም ለቀናት አቅም አይኖራትም። አምና በክፍሉ ግብዣ ላይ መምህሩ አዝነውላት ጥግ ላይ ለብቻዋ ጠረጴዛ ሰጧት። ልጆቹ በሽተኛ የሚጠይቁ ይመስል ተራ በተራ እየመጡ «አይዞሽ» አሏት። ከረሃቡ ይልቅ ያ «አይዞሽ» ነበር ያንገበገባት።

አለቃዋ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ስለዚህ ልታምናት ፈለገች። ቢሆንም ከትምህርት ቤት እንደወጣች እግሯ ወደ ኬክ ቤቱ ወሰዳት።

ኬክ ጋጋሪው ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሰዋል።

«ጋሼ፣ ለእኛ ክፍል የታዘዘው ኬክ ስንዴ የለውም አይደል?»

ሳቁ። «ስንዴ የሌለው? የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት አየሩም ስንዴ ነው!»

«ያዘዘችው ልጅ አልጠየቀችዎትም?»

«እሷማ ‹ቸኮሌቱን በዛ ያድርጉልን› ነው ያለችኝ።»

በቆሎ በቀጥታ ወደ አለቃ ቤት ሄደች። አለቃ በሩን ከፍታ ፊቷን ስታይ ወዲያው ገባት።

«ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ከጎረስኩ በኋላ?»

«በናትሽ አታካብጂ። ልጆቹ ‹በእሷ ምክንያት ኬክ ሊቀርብን ነው› እያሉ ሲያጉረመርሙ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለአንቺው ብዬ ነው። ቁራጩን ሳህንሽ ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አለቀ። ማን ያይሻል?»

«ሆዴ» አለችና ጥላት ሄደች።

ማታ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ሰማቻት። «ቅሪ በቃ፤ የግብዣው ቀን የምትወጂውን ሠርቼ እዚሁ አብረን እንበላለን።»

«አልቀርም፣ እማዬ። ምን አጥፍቼ ነው የምቀረው?»

እናቷ መኪናውን አቁማ ለአፍታ አየቻት። «እንግዲያው አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትገቢ» አለቻትና መስፋቷን ቀጠለች።

በማግስቱ መምህሩ ስለ ግብዣው ሲያነሱ በቆሎ እጇን አወጣች። ተነስታም ቆመች።

«ኬኩ ስንዴ አለው። ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

ከኋላ አንድ ረጅም ልጅ፣ «አለቃ የለውም ብላ አልነበር?» አለ።

አለቃ በልምምጥ አየቻት፤ ‹አደራሽን፣ አድኚኝ› የሚል አስተያየት ነው። በቆሎ ልትዋሽላት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ የእሷ አፍ አይደለሁም። ራሷን ጠይቃት።»

አለቃ ፊቷ በላብ ወረዛ። «አልጠየቅኩም ነበር» አለች በቀጭን ድምፅ።

ጉርምርምታው ተነሳ። ረጅሙ ልጅ «ታዲያ ለአንድ ሰው ብለን ሁላችን ኬክ ይቅርብን?» አለ።

«ማን ይቅር አለ? ፈንዲሻ የማትወድ ከሆነ እጅህን አውጣ።»

አላወጣም።

«የተጠበሰ ድንች? ኦቾሎኒ? ሙዝ?»

«ሙዝ አልወድም!» አለ፤ ልጆቹ ሳቁ።

«አንተ ‹አልወድም› ትላለህ፤ እኔ ግን ታምሜ እተኛለሁ። ልዩነቱ ይሄ ነው።»

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሩ፣ ፈንዲሻውም ሌላውም ይምጣ። ግን የኬኩ ፍርፋሪ ምግብሽን እንዳይነካብሽ፣ እንዳምናው አንቺን ለብቻ…»

«አይሆንም፣ መምህር። እኔ ጥግ አልሄድም፤ ኬኩ ይሂድ።»

መምህሩ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ አዩና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄዳል» አሉ። «ከእሱ የበላ ሰው ደግሞ እጁን ሳይታጠብ ወደዚህ አይመለስም።»

ከክፍል ሲወጡ አለቃ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። ጎን ለጎን ሄዱ።

«አኩርፈሽኛል?»

«በጣም።»

«ይገባኛል።» አለቃ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘችው። «ዕቃውን የምገዛው እኔ ነኝ። የታሸገው የድንች ቺፕስ ላይም ስንዴ ሊኖር ይችላል እንዴ?»

«አንዳንዱ ላይ አለ።»

«እና እንዴት ነው የማውቀው?»

በቆሎ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በግራ፣ ሱቁ በቀኝ ነው። ንዴቷ አልበረደላትም፤ እንዲበርድላትም ገና አልፈለገችም።

«ነይ» አለች ወደ ቀኝ እየታጠፈች። «የማሸጊያውን ጀርባ ግን እኔ ነኝ የማነበው።»