ሲም የለም ያለችኝ ሞደም

እኔ ስለ ጂን፣ ስለ ቀትር መንፈስ፣ ስለ ሙት ድምፅ ሲወራ አፋቸውን ይዘው ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ሸዋ ሮቢት ላይ የሞባይልና የሬዲዮ መጠገኛ የከፈትኩ፣ ከጥገናው ይልቅ መነጽር ፍለጋ የሚበዛብኝ ሽማግሌ ነኝ፣ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ስለሆነ ጂን ቢመጣብኝ እንኳ ሰላምታውን ሳልሰማው ተቀይሞኝ ይሄድ ነበር እል ነበር። እመኑኝ፣ ይህን የማወራው ላስፈራችሁ አይደለም፣ ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው።

ሰይድ የሮቢ ወንዝ መስኖ የውሃ አባት ነበር፣ ሽንኩርትና ማንጎ ለሚያለሙት ገበሬዎች ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል፣ ተራው የደረሰውን እየደወለ የሚጠራ ሰው፣ ስሙ ስልካቸው ላይ ሲወጣ የማያነሳ አልነበረም። ካቻምና ነሐሴ የስልኩ ቻርጅ መሰኪያ ተበላሸና አመጣልኝ።

«ጋሼ ተፈራ፣ ዛሬ ያደርሱልኛል?»

«ምን አስቸኮለህ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰውን ሳትጨቀጭቅ ዋል እንጂ! ነገ ና» ብዬ ቀለድኩበት፣ ስቆ ሄደ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ደብረ ሲና ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከላይ ያሉት ሰዎች ሊያስጠነቅቁት በላይ በላዩ ደውለዋል፣ ስልኩ ግን ተፈታትቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ሰይድ ቦዩን ሊዘጋ እንደወረደ ቀረ። አስከሬኑም አልተገኘም።

ሚስቱ ሐሊማ አስከሬን ሳላይ ሐዘን አልቀመጥም አለች። ስልኩን ልመልስላት ስሄድ «እርስዎ ጋ ይሁን፣ ቁጥሩ እንዳይዘጋ ብቻ ይጠብቁልኝ፣ የሄደ ሰው ይደውላል» አለችኝ። በር በሩን እያየች ስምንት ወር ከረመች። እኔ በሁሉ ነገር እቀልዳለሁ፣ በራሴ ሞት ሳይቀር፣ በዚያች «ነገ ና» ግን ቀልዼ አላውቅም።

ለዚህ ነው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ልሥራ ብዬ የተነሳሁት፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል፣ ሁሉ ነገሯ አንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ ኮምፒውተር ከወንዙ ላይኛ በኩል ተተክላ፣ ውሃው ሲጨምር ሲም በምትጎርሰው ሞደሟ ታች ላሉት ትደውላለች። ችግሩ ገበሬው የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። መላውን ያመጣችው ራሷ ሐሊማ ናት፣ «የሰይድን ሲም ያድርጉበት፣ እስኪመለስ ሥራውን ትሥራለት» አለች።

አምና ሚያዝያ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ወንዱ ጁምዓ ሄዷል፣ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ሥር ተኝተዋል፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጠሽ ጠሽ ያደርገዋል። ሞደሟን ከሰሌዳው ጋር አገናኘሁ፣ አንቴናዋን አሰርኩ፣ ሲሙን ከሰይድ ስልክ አውጥቼ ከተትኩ፣ ኃይል ሰጠሁ። ስጠራት «አለሁ» ብላ በጽሑፍ መለሰች፣ ሲሙን ስጠይቃት ግን «ሲም የለም» አለች። አጥፍቼ አበራሁ፣ ኃይል ሲያንሳት ትለግማለችና ገመዱን ቀየርኩ፣ የአንቴናዋን ማሰሪያ አጠበቅኩ። «ሲም የለም።» «ሆድሽ ውስጥ ነው ያለው፣ አንቺ ውሸታም!» ብዬ ጮህኩባት፣ ከሚስቴ ሞት ወዲህ የተጨቃጨቅኳት ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። መብራቷ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ ኔትወርክ ስታጣ እንደዚያ ነው።

ድንገት መብራቷ ረጋ አለ። አንዴ ብልጭ ይልና ይቆያል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል፣ ኔትወርክ ያገኘች ሞደም አተነፋፈስ ነው። ተመስገን ብዬ እጄን ወደ ቁልፎቹ ሳልሰድ፣ ስክሪኑ ላይ ጥሪ መገናኘቱን የሚናገር መስመር ወጣ። ቁጥር አልጻፍኩም፣ እመኑኝ፣ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ውሃ ይሰማል፣ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ውሃ፣ ከዚያ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ሰይድ ለገበሬው «ተራህ ነው» ከማለቱ በፊት ሁሌም ሁለት ጊዜ ይጠርግ ነበር። «ሃሎ» አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ተቋረጠ። መብራቷም እንደገና ትርገበገብ ጀመር።

የመስመር ጩኸት ነው፣ ሙቀት ነው፣ እርጅና ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ሐሊማ የሽንኩርት ልጣጭ በሻሿ ላይ እንደተጣበቀ እያለከለከች ገባች።

«ጋሼ! ሰይድ ደወለ! ወላሂ ደወለ!»

«ምን… ምን አለሽ?»

«እየመጣሁ ነው አለኝ! ይኸው ይዩት!»

ስልኳን ዓይኔ ሥር አስጠጋችው። የሰይድ ስም፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ከስክሪኔ ጋር አንድ ደቂቃ አይለይም። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። እኔ ግን ፈራሁ፣ ሽማግሌ ሲፈራ ደግሞ አስተማሪ ይሆናል።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሲሙ እዚህ ውስጥ ነው፣ ስሞክራት ሲሙ ላይ ያለውን ያንቺን ቁጥር ደውላ ነው።»

«ድምፁስ? የባሌ ድምፅ ይጠፋኛል?»

«ጩኸት ነው የሰማሽው። የቀረውን ልብሽ ነው የጨመረበት።»

«ይማሉልኝ።»

«በልጆቼ» አልኩ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ እምቢ ያለችውን፣ ለሞተ ሰው የሚባለውን፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለችና ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ሄደች።

ሲሙን ላወጣ የሞደሟን መክተቻ ከፈትኩ። ውስጡ ያለው ሲሙ አይደለም። ትንሿ ካርድ ተነቅላ የምትወጣበት ባዶው የፕላስቲክ ማቀፊያ ነው። ካርዷን ከስልኩ ሳወጣ እንዳትጠፋብኝ ብዬ መነጽሬ ማስቀመጫ ውስጥ አኑሬ፣ ዓይኔ ሳይለይ ማቀፊያውን ብቻ ሞደሟ ውስጥ ከትቼ ኖሯል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነቱን ስትነግረኝ የነበረችው ማሽኗ ናት፣ ሠላሳ ዓመት የተማሪን ትክክለኛ መልስ በቀይ እስክሪብቶ እንደሰረዝኩ የሷንም ሰረዝኩ።

ልከተላት ተነሳሁ፣ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ምን ልበላት? ማን እንደደወለልሽ አላውቅም ልበላት? ስምንት ወር ወደታሰረችበት በር መልሼ ላስራት? ነገ አልኩ። ያችኑ ነገ።

በማግስቱ ሐዘን ተቀመጠች። የባል ሐዘኗን አራት ወር ከአሥር ቀን ጨረሰች፣ ልብሶቹን ሰደቃ ሰጠች። ማሽኗን በአዲስ ሲም፣ ቁጥሩን በየገበሬው ስልክ ላይ እየዞርኩ መዝግቤ፣ ወንዙ ዳር ተከልኳት፣ ክረምቱን በደንብ ሠራች፣ አንድም ሰው አልተወሰደም፣ ገበሬው ይመርቀኛል። ያንን ሲም ግን አንድም ቀን ስልክ ላይ አላደረግኩትም። አልጣልኩትምም። የሚደውል ሰው ቢኖር ዝግ ነው ይለዋል።

ትናንት የሰይድ ታናሽ ወንድም ይማም ሱቄ መጣ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ዓይኑን መሬት መሬት ያደርጋል።

«ጋሼ፣ ቃዲውም ፈቅደዋል፣ የእኔና የሐሊማ ኒካሕ የሚታሰረው እሁድ ነው። እንደ አባት እንዲቀመጡላት ለምናለች።»

«እሺ» አልኩ።

«እርስዎ ባይነግሯት እስከ ዛሬ በር በሩን ታይ ነበር፣ አላህ ይስጥልን» አለና ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። እኔም አልነጠቅኩትም። እሁድ ሦስት ቀን ቀርቶታል።