አብሮ ያልወደቀው ብረት

ይሄ የሰው ወሬ አይደለም። እዚሁ ወላይታ ሶዶ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነ ነው። የማያምን አይመን... እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ጣፈጠች የፊዚክስ መምህርት ናት። ባሏ ሀብተየስ አናጢ ነው። በዴሳ ከተማ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ብረት ገባለት፣ ቁስሉ አመረቀዘና ብረቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነው።

ሴትየዋ ደከመች። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ተሸክማ ታወጣዋለች፣ ከዚያ ታስተምራለች፣ ማታ ደግሞ ያው። ባል መውደድ ወገብ አይጠግንም።

አንድ ቀን አልጋው ላይ መልሳው ግድግዳውን ተደግፋ ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ ሸክሜን አቅልልልኝ።" ሌላ ነገር አላለችም።

ቀለለላት...

ከአልጋው ባነሳችው ቁጥር እየቀለለ መጣ። መጀመሪያ ጉልበቷ የተመለሰ መሰላት። እኛ ጋ ጌታ ያደረገልህን ሳትመሰክር መቆየት ነውር ነው። እሷም ምን እንደተደረገላት ሳታጣራ እሁድ ጉባኤ ላይ ተነስታ መሰከረች። ሰው ሁሉ እልል አለላት።

አንድ ነገር ግን ይከነክናት ጀመር። ሀብተየስ አልከሳም። ብድግ ስታደርገው እንደ ሕፃን ይቀላል። ወደ ጎን ልታገላብጠው ስትገፋው ግን ያው የድሮው ሰውዬ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ አወዳደቅ ታስተምር ነበር። ሳይንቲስቶች ሁለት ብረት፣ አንዱን ቲታኒየም ሌላውን ፕላቲኒየም፣ በሳተላይት ጭነው ምድርን እየዞሩ አብረው እንዲወድቁ አድርገዋል። አንዱ ሌላውን የፀጉር ያህል እንኳ ይቀድም እንደሆነ ለማየት ነው። አልቀደመም። የትም ቢሆን፣ ምንም ቢሆን፣ ሁሉም እኩል ይወድቃል ብላ ነገረቻቸው።

ፕላቲኒየም ሶዶ ገበያ የት ይገኛል? በሱ ፈንታ ጓጉንቸር አመጣች። ቲታኒየም ግን ነበራት። ሐኪሞቹ ከሀብተየስ ጭን አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው የሰጧት ብረት ነው።

ጠረጴዛ ላይ ወጣች። እኔ በስልኬ ልቀርጽላት ቆሜያለሁ። ሁለቱንም እኩል ለቀቀቻቸው።

ጓጉንቸሩ ጧ አለ።

ከዚያ... ብረቱ።

ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር፣ እጅሽ ያዘው አሏት። ደገመችው። ያው ነው። አሁንም ለቀቀች... ብረቱ ቀስ ብሎ፣ ምንም እንደማያስቸኩለው ሰው ወረደ።

ማንም አልሳቀም።

ከጠረጴዛው ወርዳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ስገፋው ይከብዳል... ሳነሳው ግን የለም" አለችኝ።

"ማን?"

"ሀብተየስ።"

ብረቱን አንስታ እንደገና ለቀቀችው።

አልወደቀም። በእጇና በወለሉ መሀል፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች። ባጃጅ ይዘን አብረን ሄድን። 

ሀብተየስ የተኛው ለሠርጉ ራሱ በሠራው የዋንዛ አልጋ ላይ ነው። ያን አልጋ አራት ጎረምሳ እያቃሰተ ነው ያስገባው። ስንገባ በሁለት እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። ጣቶቹ ነጥተዋል። ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ወድቋል።

"ጣፌ..." አለ በሹክሹክታ። "እጄ ዛለ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝከው?"

"ከመሰከርሽበት ቀን ጀምሮ።"

"ምነው ታዲያ ዝም አልከኝ?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ... ደክሞሽም ነበር።"

እሷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ደረቱ ላይ ተደፋችና ባላት ክብደት ሁሉ ተጫነችው። "ይክበደኝ ጌታዬ... መልሰህ አክብድብኝ" ትላለች ደጋግማ።

ማየቱ አሳፈረኝ። ዓይኔን ሰብሬ ብርድ ልብሱን ላነሳላቸው ጎንበስ አልኩ። ጫፉ በአልጋው እግር ስር የተረገጠ መስሎኝ በኃይል ጎተትኩት።

ያለ ምንም ችግር መጣልኝ።

ሁለቱንም ተሸክሞ... የአልጋው እግር መሬት አልነካም።