ያጠፋኋቸው ፊደሎች

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም። ስለሆነ ብቻ ነው የምጽፈው። አብሮኝ የነበረው አርቮ ዛሬም በሕይወት አለ። ብትጠይቁት ወሬ ይቀይራል እንጂ አልሆነም አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ እሑድ ቀን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ዱሉዝ ከተማ፣ ቤቴ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ።

ውጭ ፀሐይ ነበረች።

ባሌ ኤይናር ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በሕይወት ሳለ በዚያ ምድር ቤት የመልእክት ሰሌዳ ነበረው። ያኔ እኛ ቤት ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልገባም። ሰው ከየቤቱ ኮምፒውተሩን ከስልክ ጋር አገናኝቶ ይደውልና ሰሌዳው ላይ ይጻጻፋል። አንድ የስልክ መስመር፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ባለቤት።

እኔና ኤይናር የተዋወቅነውም በዚያ ነው።

በተቀበረ በሳምንቱ መስመሩን አስቆረጥኩ። ማሽኑን ነቀልኩት።

ያን እሑድ የቀድሞዎቹ ደዋዮች የድሮ ጽሑፎቻቸውን አንድ የኢንተርኔት ፎረም ላይ ለማውጣት ፈልገው አርቮን ላኩት። አርቮ የኤይናር ረዳት የነበረ፣ ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ነው። እሺ ያልኩት በአንድ ውል ነበር፤ የሰው የግል ደብዳቤ ከዚህ ቤት አይወጣም። ኤይናር አደራ በላ ተብሎ እንዲታማ አልፈለግሁም። ከስሙ ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

«አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆነሽ ቀረሽ» አለኝ አርቮ፣ ገመዱን እየሰካ።

«ባል የሞተባቸው ሴቶች ፎረም አድሚን ነኝ። ለምጄው ነው።»

«ስንት ናችሁ አድሚኖቹ?»

«ስድስት።»

«ስድስት! አንዷንም በዓይንሽ አይተሻት አታውቂም፣ አይደል? ማን ምን እንዳነበበ፣ ማን የማንን እንደሰረዘ አይታወቅ። በእኛ ጊዜ ኤይናር ብቻ ነበር። ባለጌ ሲመጣ ቤቱ ይደውልና 'ለእናትህ ልንገርብህ?' ይለዋል። አለቀ!»

«ሁሉንም የሚያነበውም እሱ ብቻ ነበራ።»

«ማንበብ ይችል ነበር። አነበበ ማለት ግን አይደለም።»

«ፎረሙ ላይ 'ላክ' እስክል ድረስ የጻፍኩት የራሴ ነው። ሰሌዳው ላይ ግን አንዷን ፊደል ስነካ ወዲያው እሱ ጋ ትደርስ ነበር። ባጠፋትም አይቷታል።»

«ሟች ባልሽን ነው የምታሚው?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ማሽኑ ተነሣ... በአንዴ።

አራት ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን አቧራ አልነበረም። አርቮ የኪቦርዱን ቁልፎች ነካ አድርጎ ጣቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገው።

«እርጥብ ነው... ያጣብቃል።»

የተበላሸ ወተት ሸተተኝ።

ስክሪኑ ላይ የሰዎች ስም ተደረደረ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደዋዮች። አርቮ አንዱን ከፈተ። አነበበ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ማርጂት... ይሄ ደብዳቤ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«እየጻፉ ያጠፉት ነው። ያጠፉትን ብቻ ለይቶ ነው ያስቀመጠው።»

«ማሽኑ በራሱ ይሆናል።»

«በጎኑ ያለውን እዪ።»

አየሁ። አንድ አባት 'ትናንት ልጄን ደም እስኪወጣው መታሁት' ብሎ ጽፎ አጥፍቷል። በጎኑ ኤይናር አንድ ቃል ጽፏል።

'ጣፈጠ።'

ወደ ስሞቹ ዝርዝር ተመለስን።

ከሁሉም ትልቁ ፋይል የእኔ ስም ያለበት ነው።

«አትክፈቺው» አለ አርቮ።

«ተነሥልኝ።»

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ የ1986 ነው። ለጓደኛዬ እየጻፍኩ ነበር። 'ጽጌረዳ ይዞልኝ የሚመጣ ወንድ አልወድም፤ የእናቴ ሬሳ ሣጥን ይሸተኛል። በጢስ የደረቀ ዓሣ ቢያመጣልኝ አገባው ነበር።' ቂል መሰልኩና አጠፋሁት።

በጎኑ፦ 'ዓሣ።'

ኤይናር ለመጀመሪያ ቀጠሯችን የመጣው በጢስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀብሩ ላይ ቆሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። 'ሳልነግረው የሚያውቀኝ ሰው ነበር' ብዬ።

ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን አሥራ ሦስት ዓመት ስበላ የኖርኩ መሰለኝ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ። የነካኝን ቦታ ሁሉ መጥረግ አማረኝ።

«ማርጂት...» አርቮ አንሾካሾከ። «መጨረሻው ገጽ... ቀኑን እዪው።»

የዚያኑ ዕለት ቀን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

በዚያ ሰዓት እኔ ፎቅ ላይ፣ ወጥ ቤት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ። ፎረሙ ላይ ለአንዲት አዲስ ሐዘንተኛ እየጻፍኩ። 'እውነቱን ልንገርሽ፤ እሱ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።' አየሁትና አጠፋሁት። 'አይዞሽ፣ በርቺ' ብዬ ላክሁ።

ያጠፋሁት አልተላከም። የትም አልሄደም። ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኝ ገመድም አልነበረም።

ዓረፍተ ነገሩ ግን ፊቴ ነበር። ሳይጎድል።

ጎኑ ባዶ ነው... ከዚያ አንድ ፊደል መጣች።

ጣ...

«አንተ ነህ?»

አርቮ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ።

ፈ...

«ንቀለው!»

ገመዱን ከግድግዳው መነጨቀው። ስክሪኑ ጠቆረ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ሐይቅ ውስጥ እጥለዋለሁ» አለ አርቮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማንም ትንፍሽ አንልም። ተበላሽቶ ነበር እንላለን። ስሙን አስቢ እንጂ... ስምሽንም።»

ስሙን አሰብኩ። ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ሰዎች አሰብኩ። ግማሾቹን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ። ቀብሩ ላይ አልቅሰውለታል።

ያኔ ነው የስክሪኑን መስታወት ያየሁት።

ጥቁሩ ስክሪን መሐል ላይ ጉም ነገር ነበር። መዳፍ የሚያህል። በእጅጌዬ ጠረግሁት።

አልጠፋም።

በውስጥ በኩል ነው።

ሰፋ... ጠበበ። ሰፋ... ጠበበ።

አርቮ ወደ ደረጃው አፈገፈገ። እኔ ግን ወስኜ ነበር። ለሁሉም እንደምነግራቸው፣ አንድ በአንድ፣ ለአርቮ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

ጉሙ ቆመ።

አልሰፋም። አልጠበበም።

ምን እንደምል ለመስማት ትንፋሹን እንደያዘ ሰው... ጠበቀኝ።