የታጠበው ብር

አቶ ቢሻው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ከተገኙ ሦስት ቀን ሆነ፤ እስካሁን አልተቀበሩም። ሐኪሙ በሆዳቸው ውስጥ የድንች ተባይ መድኃኒት አገኘ። ከእጃቸው ሥር አንድ የሚያብረቀርቅ የምኒልክ ብርና በራሳቸው ጽሕፈት «ታጥቧል። ዋጋ የለውም።» የምትል ቁራጭ ወረቀት ነበሩ። የእንጅባራ ሰው ወሬ መቼ ያልቅበታል! ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ብር ቢበላሽባቸው ራሳቸውን አጠፉ ተባለ። ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ የኢንስፔክተር ትሕትናን እጅ ይዘው አልለቀቁም።

«ልጄ፣ ቢሻው አልሄደም። በቀን በብርሃን ከዚያ ክፍል ብር ሲንኳኳ እሰማለሁ። ያለ ፍትሐት ከቀበርኩት እስክሞት አይለቀኝም።»

ትሕትና በመንፈስ አታምንም። ቢሆንም የሟቹ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት። ነጫጭ የጥጥ ጓንቶቻቸው እጅ ያለባቸው ይመስል ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። መስኮቱን ጉም ሸፍኖታል። ፈራች፣ ምን ይደበቃል። ቆማ ሠራች።

በሣጥኑ ውስጥ እያንዳንዱ ብር ደረጃው በተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። የመዝገባቸው የመጀመሪያ ገጽ «የአባቴ ብር። ገበያ ያልወጣ። 64። ከአንበሳው ጭራ ሥር አንድ ጭረት» ይላል። ይህንን ብር ሊገዛ የነበረው ሲሞን የሚባል የዳንግላ ነጋዴ ነው። አስጠራችው።

«ስልሳ አራት ምንድን ነው?»

«ሰው እጅ ያልገባ ብር ደረጃው ከስልሳ እስከ ሰባ ነው። ሰባው እንከን የለሽ ነው። ከረጢት ውስጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይጫጫራል፣ በዚያ ይቀንሳል።»

«ካላብረቀረቀስ?»

«ቢጠቁር ግድ የለም። ሲያዞሩት ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይሮጣል። ያጠቡት ዕለት ግን ብርሃኑ ይሞታል።»

ትሕትና ከሣጥኑ አንድ የጠቆረ ብር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከተገኘው ጎን አስቀመጠችው። «ገበያ ያልወጣው የትኛው ነው?» ሲሞን ሳይነካ ጥቁሩን አሳየ። ወይዘሮ ይታይሽም ጥቁሩን አሉ፤ «አርባ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ነገር እኮ ነው።» በመጨረሻ የሟቹ ታናሽ ወንድም ይኸነው ገባ። በዚያው ግቢ የሚኖር ድንች አምራች ነው። የሚያብረቀርቀውን በጣቶቹ አነሳው።

«ይሄ ነዋ! አዲስነቱ አይታይም?»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሦስቱንም ፍትሐቱን ከከለከሉት ከቄስ ምስጋናው ጋር በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም።

«ይህ ብር የአቶ ቢሻው አይደለም» አለች ትሕትና። «ከአንበሳው ጭራ ሥር ጭረት የለውም፤ የንጉሡም ጉንጭ በእጅ ብዛት ለስልሷል። አቶ ቢሻው መቀየሩን ወዲያው አውቀዋል። ወረቀቷም ኑዛዜ አይደለችም፤ እንደ ልማዳቸው ደረጃውን መጻፋቸው ነው። ሰው የሌላ ሰው ብር ተበላሸ ብሎ ራሱን አያጠፋም።»

«ታዲያ ማን ቀየረው?» አሉ ቄሱ።

«አዲስ ማለት የሚያብረቀርቅ የሚመስለው ሰው። ለበዓል የአንገት መስቀል እንደሚታጠበው በአመድና በሎሚ አሸው። ከሦስቱ ሰዎች የታጠበውን አዲስ ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ይኸነው ወደ በሩ ተንቀሳቀሰ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ያዘውና የጋቢውን ጫፍ ቋጠሮ ፈታ። ብር ወጣ፤ ከአንበሳው ጭራ ሥር ጭረት አለው። ሲሞን በመስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ ደግሞ አዞረው።

«ይህንንም አጥበኸዋል?»

«ጠቁሮ ነበር። ጥቁሩን ማን ይገዛኛል ብዬ።»

«አሁን የሚገዛህ የለም። ገድለኸዋል» አለ ሲሞን።

ይኸነው እጆቹን ለካቴና ዘረጋ። «መድኃኒቱን በአረቄ ቀዳሁለት። መልሰው፣ ለማንም አልናገርብህም ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?» አለች ትሕትና።

«አላመንኩትም።»

ወይዘሮ ይታይሽ ብሩን አላዩትም። «አባቴ፣ አሁንስ?» አሉ።

«ከሰዓት ፍትሐቱን አድርሰን እንቀብረዋለን» አሉ ቄስ ምስጋናው።

ይኸነው በታሰሩ እጆቹ መሬቱን ነካ። «ቀብሩ ላይ ልቁም፤ ወንድሜ ነው።»

ትሕትና ፈቃዱን ከወይዘሮ ይታይሽ ጠበቀች።

«ይቁም» አሉ በመጨረሻ። «ፍትሐቱን አንድም ሳይቀር ይስማ።»