አሥራ አምስተኛው ደቂቃ

የሣር ማጨጃ ማሽኑ ሐሙስ ዕለትም የቆመው እንደ ባለፈው ሣሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ለቡ፣ የሠርግ አዳራሹ ግቢ መሃል፣ ጸደንያ የማስነሻውን ገመድ ደጋግማ ሳበችው። አንዴ አጓራና ጸጥ አለ።

የአዳራሹ ኃላፊ ወይዘሮ ማናዬ ከበረንዳው ሆነው ሲያዩዋት ቆይተው፣ «ልጄ፣ አባትሽን ስለማውቅ ነው የታገስኩሽ» አሏት። «ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ሙሽሮች ይገባሉ። ያን ቀንም እንዲህ ከሆነ የዓመቱን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

ጸደንያ አንገቷን ደፋች። አባቷ ክብረት በዚህ የሣር ማጨጃ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ለቡ የሰው ግቢ ሲያሳምር ኖሮ፣ ሲሞት ያወረሳት እሱኑ ነው። ይህ ሥራ ካመለጣት ማሽኑን ቁራሌው ይወስደዋል፤ እሷም የሰው ቤት ተቀጣሪ ትሆናለች።

በባጃጅ ጭና ነፋስ ስልክ፣ ራጉኤል ጋ ወሰደችው።

ራጉኤል ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። የተዋወቁት ዝናብ ወርዶባት ማሽኗን እየገፋች እሱ ቆርቆሮ ሥር የተጠለለች ቀን ነው። ያን ቀን ከእሷ ይልቅ ማሽኑን አየና፣ «አሮጌ ነው፤ ግን በደንብ የተያዘ። የማነው?» አላት።

«የአባቴ ነበር።»

ራጉኤል «ነበር» የሚለውን ሲሰማ፣ ግራሶ የነካ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑን የዳሰሰው። ጸደንያ ያችን ጨርቅ እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

ማሽኑ ሥራ ላይ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ ካንዴላውን ቀየረላት፤ ካርቡሬተሩንም ሁለት ጊዜ ፈቶ አጠበላት። ሲሞክረው የእሷን ቤንዚን ላለመጨረስ የራሱን በሃይላንድ ጠርሙስ ከላይ ያንጠለጥልና በቀጭን ቱቦ ያጠጣዋል። እሱ ጋ ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል። ለቡ ሲደርስ በአሥራ አምስት ደቂቃው ይጠፋል።

እናቷ አሰገደች ምክንያቱን ካወቀችው ቆይታለች። «ሆን ብሎ ነው የሚያበላሸው! እንድትመላለሽለት ነዋ። እኔ ወንድ አላውቅም?»

አሰገደች ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምትቀበል ሴት ናት። የዘይቱን ጀሪካን፣ የሚጥሚጣውን ብልቃጥ፣ ሁሉንም ከክዳኑ ሥር ላስቲክ ቆርጣ ትደፍናለች። ማሽኑ ኮሪደር ላይ ስለሚያድርም፣ የቤንዚን ሽታ ወጣ ባለ ቁጥር፣ «አንድ ቀን ሁላችንም እንነዳለን» እያለች ታማትባለች።

ጸደንያ እናቷን ሁልጊዜ አትሰማትም። ያን ሐሙስ ግን ደክሟት ነበር።

«ራጉኤል፣ ቅዳሜ ለቡ ሠርግ አለ፤ ሥራው ሊያመልጠኝ ነው። እውነቱን ንገረኝ። ሆን ብለህ ነው?»

«ምኑን?»

«የማይድነው። እንድመላለስልህ።»

የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ። 

«እንዲያ ካሰብሽ ሌላ ባለሙያ ጋ ውሰጂው» አለ።

ይቅርታ ሳትጠይቀው ማሽኗን እየገፋች ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አሰገደች እኔም እሄዳለሁ ብላ ለቡ ድረስ ተከተለቻት። በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛለች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ምንድነው?»

«እሳት ሲነሳ ምን ልታደርጊ ነው? እንትፍ ልትይበት ነው?»

ጸደንያ ማሽኑን አስነሳች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ትንፋሿን ይዛ ትገፋለች። በአሥራ አምስተኛው ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተንገዳገደ፣ ጠፋ።

«አላልኩም?» አለች አሰገደች፣ ልትቀመጥ ድንጋይ እየፈለገች።

ጸደንያ እንባዋን ስትጠርግ በሩ ላይ ራጉኤል ቆሟል። ከታክሲ ፌርማታው ሮጦ እንደ መጣ ያስታውቃል።

«አልጠራሁህም እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚናገረው።

«አውቃለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እኔ ጋ ሁልጊዜ ከጠርሙስ ነው ያጠጣሁት። አንድም ቀን ከራሱ ታንክ ሲሠራ አላየሁትም።»

ተንበርክኮ የታንኩን ክዳን ቀስ ብሎ አላላው። ጭስስስ! አየር ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ታፍኖ የቆየ ሰው እንደሚተነፍሰው።

«ሰማሽ? ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር መግባት ነበረበት፤ ካልገባ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑ ላይ ለዚያ የተበሳች ቀዳዳ አለች።»

ክዳኑን ገለበጠው። ውስጡ፣ ልክ አብሮት እንደተሠራ ሁሉ፣ በመቀስ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ ልክክ ብሎ ተቀምጧል። ራጉኤል ላስቲኩን አየ። ቀና ብሎ አሰገደችን አየ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ላስቲኩን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ቆሻሻ ነው የዘጋው» አለ።

ጸደንያ ግን አይታለች። በቤታቸው እንዲህ ያለ ላስቲክ የሌለው ብልቃጥ የለም። እናቷን ላለማሳፈር ሲል ሥራውን የማያውቅ ባለሙያ መስሎ መታየትን የመረጠውን ይህን ሰው ትኩር ብላ አየችው። ዓይኑን ሊያሸሽ ሞከረ፤ አቃተው።

«የምን ቆሻሻ?» አለች አሰገደች በድንገት። «እኔ ነኝ። እሳት ፈርቼ ነው የደፈንኩት። አንተንም አምቼሃለሁ የኔ ልጅ።»

«ችግር የለም ማዘር። ቤት ውስጥ ቤንዚን ማሳደር በእውነት ያስፈራል። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ይደር።»

ጸደንያ ገመዱን አንዴ ሳበች። ማሽኑ ተነሳ። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ መጣ፤ አለፈ። ሃያ። ሠላሳ። አሰገደች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። የመጨረሻዋ መስመር ስትታጨድ ሞተሩን ያጠፋችው ጸደንያ ራሷ ነበረች፤ በገዛ እጇ፣ በፈለገችው ሰዓት። ከበረንዳው ወይዘሮ ማናዬ አጨበጨቡ። «በይ፣ ሰኞ ውሉን እንፈራረማለን!»

ራጉኤል ጎኗ ቆሟል። የታጨደ ሣር ሽታ ሁለቱንም ከቧቸዋል።

«ሐሙስ ስላልኩህ ነገር…» ጀመረች።

«ሐሙስ ያልመለስኩልሽ ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው።»

«የቱ ግማሽ?»

«አላበላሸሁትም። ግን ሳይድን ሲቀር፣ ነገም ትመጣለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

ጸደንያ ሳቀች፤ ከአባቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። እጇን ዘረጋችለት። መጀመሪያ ጨርቁን ሊያወጣ ኪሱን ሲዳብስ፣ ጨርቁን ሳትጠብቅ እጁን ከነግራሶው ያዘችው።

አሰገደች አየቻቸው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት ማዘር?»

«ሽማግሌ ስትልክ በጠዋት ላክ። ሲመሽ መንገዳችን ጉድጓድ ነው፤ አንዱ ወድቆ ይሰበርብናል።»

ከዚያም ሁለቱን ጀሪካን አንስታ፣ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመችውን ውሃ አዲስ በታጨደው ሣር ላይ አፈሰሰችው።